እንባው ጥርት ብሎ ይታያል

በሐዋሳ ምዕመን እኮራለሁ። የምሬን ነው። አምልኮ እንደ ዘንድሮ ሠልጥኖ አያውቅም። ድሮ ሰው ሲያመልክ ባዶ እጁን ነበር የሚያነሳው። ምን ያለ ብክነት ነው! ያ ሁሉ እጅ ወደ ላይ ተዘርግቶ ምንም ሳይቀርጽ ይወርድ ነበር። ዛሬ ተመስገን ነው፤ መዝሙሩ ሲጀመር የሚነሳው እጅ ሁሉ ስልክ ይዟል፣ ከኋላ የተቀመጠው ደግሞ መድረኩ ባይታየው ከፊቱ በተደረደሩት ስክሪኖች አንዱን መርጦ ይከታተላል።

ያለፈው እሑድ ከፊቴ የቆመው ወዳጄ ግን ከሁሉም ይለያል። ስልኩን ወደ ራሱ አዞረና ዓይኑን ጨፈነ። አንዱን ብቻ። ሌላኛው በስሱ ተከፍቶ ፊቱ ከስክሪኑ እንዳይወጣ ይጠብቃል። እንባው መጣ፣ ያውም መብራቱ በሚያርፍበት ጉንጭ በኩል። እኔም ሆዴ ሊባባ ምንም አልቀረው። በዚህ መሃል ስልኩ ስቶሬጅ ሞልቷል አለው። እንባው ቀጥ! ቁጭ ብሎ ጋለሪውን ከፈተና የአጎቱን ልጅ ሰርግ አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመረ፤ ሁለት መዝሙር አለፈው። ከዚያ ተነሳ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ለቅሶውን ካቆመበት ቀጠለ። ራስን መግዛት የመንፈስ ፍሬ ነው ሲባል የገባኝ ያን ቀን ነው።

የጴንጤ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ሲነግሥ ከየአገሩ የሚመጣውን ሕዝብ እዩት። ታቦቱ ሲወጣ እልልታው ይቀልጣል፣ ስልኩ ደግሞ ከእልልታው ይቀድማል። ያስቸገረው ስግደቱ ብቻ ነው። ግንባር መሬት ሲነካ የፊት ካሜራ ምንም አያሳይም።

ለነገሩ ችግሩ የቆየ ነው። ዮሐንስ ምዕራፍ 4 ላይ ሳምራዊቷ ሴት የጠየቀችው ስለ ቦታ ነበር፤ በዚህ ተራራ ነው ወይስ በኢየሩሳሌም? ኢየሱስ የሰጣት መልስ ግን አብ የሚፈልገው በመንፈስና በእውነት የሚሰግዱለትን ነው የሚል ሆነ። እዚያ ቦታ የገባው የግሪክ ቃል፣ ፕሮስኩኔኦ፣ ራሱ ወድቆ መስገድ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ንግግር በቀትር፣ በጉድጓድ አፍ፣ ለአንዲት ሴት! ደቀ መዛሙርቱ እንኳ ምግብ ሊገዙ ከተማ ሄደው ነበር። የቀረጸ የለም። ማቴዎስ 6 ደግሞ ጭራሽ ስትጸልይ እልፍኝህ ግባ፣ በርህንም ዝጋ ይላል። እልፍኝ ውስጥ ኔትወርክ እንደሚደክም ማን ይንገረው?

ነቢዩ አሞጽም አለ። የዝማሬህን ጩኸት ከእኔ አርቅ፣ ፍርድ ግን እንደ ውኃ ይፍሰስ ያለው። የእኛን ሳውንድ ሲስተም ሳይሰማ ነው እንግዲህ እንዲህ የተማረረው። ፍርድ ካላችሁ ግን የእኛን ሥርዓት እዩልኝ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምረው የፕላስቲክ ወንበሩን በሙሉ የሚደረድሩ እናት አሉ። መዝሙር ሲጀመር ጥግ ይዘው፣ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ይንበረከካሉ። ያን ቀን ካሜራ ያቆመው ልጅ ጠጋ ብሎ በትሕትና «እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ ከኋላ እየገቡብኝ ነው» አላቸው። ፈቀቅ አሉ። እንደ ተንበረከኩ።

ከፕሮግራም በኋላ ከወዳጄ ጋር ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወረድን፣ ዓሣ ጥብስ አዘዝን። ቪዲዮውን መላልሶ አየውና ፊቱ ጠቆረ። «እንባዬ አልታየም እኮ፣ መብራቱ በልቶታል።» መድኃኒቱ ግን ሩቅ አልነበረም። ሐይቁን ከጀርባው አደረገ፣ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ፣ ተንበረከከ። ይሄኔ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ያን መላጣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ፣ ወደ ጠረጴዛችን መጣ። እጄ በስልኩ ተይዟል። ወዳጄ ዓይኑን ጨፍኗል፣ አሁን ሁለቱንም። እንዳልጮህ ድምፄ ቪዲዮው ውስጥ ይገባል።

እንባው ጥርት ብሎ ይታያል። ዓሣው ግን አሜን ሳይባል ሄደ።