ጀልባ ነው ወይስ ሚኒባስ?

ኧረ በእመቤቴ የጎርጎራን ጀልባዎች አንድ በሉልን! ከጎንደር 60 ኪሎሜትር ገደማ ተጉዘን ጣና ላይ ትንሽ እንዝናና ስንል ባለጀልባው እንደ ታክሲ ረዳት "ጠጋ ጠጋ በሉ" እያለ ሰው ላይ ሰው ይጭናል፣ ከዛ ጀሪካኑ፣ ከዛ የቢራ ሳጥኑ፣ ህጻን ደግሞ "እቅፍ ላይ ስለሆነ አይቆጠርም" ይልሀል፣ ክብደት የለውም እንዴ? የጀልባዋ ጠርዝ ከውሃው ስንዝር ቀርቶት እያየህ "ችግር የለም" ትባላለህ። እንዴት የለም? ጠርዙ ዝቅ ካለ ትንሽ ማዕበል ራሱ ዘሎ ይገባል፣ የገባው ውሃ ደግሞ ወደ አንድ ጎን ይሄድና ይገለብጣታል። ጣና እንደሆነ ጠዋት ዝም ብሎ ከሰዓት ንፋስ ሲነሳ ሌላ ነው። ያው ሰውም አያርፍም፣ ጉማሬ ታየ ሲባል ሁሉም ስልኩን ይዞ ብድግ ብሎ ባንድ በኩል! ላይፍ ጃኬት ስትጠይቅ "አለ አለ" ብሎ ከመቀመጫ ስር ማሰሪያው የተበጠሰ ያወጣል፣ እሱም ለግማሹ አይደርስ። እኔ ወረድኩ። ጓደኞቼ "ፈሪ" እያሉ ሳቁብኝ፣ ይሳቁ፣ ሰው የቀነሰችዋን ጠብቄ ነው የምሄድ። የከፈልኩትን ብር ግን እስካሁን አልመለሰልኝም!