ጀርባ የተሰጠው ሥዕል

የማኒላ ሙቀት ሰው ያቀልጣል። ስለዚህ የፊሊፒንስ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚጎርፈው ሕዝብ ሁሉ ሥዕል ወዳድ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። መግቢያው በነጻ ነው። ውስጡ ደግሞ ይቀዘቅዛል።

ሕንፃው ራሱ ጉደኛ ነው። አሜሪካኖች አገሪቱን በሚገዙበት ዘመን መጀመሪያ የታቀደው ለቤተ መጻሕፍት ነበር። በኋላ ሕግ አውጪዎቹ ዓይናቸውን ጣሉበት። መጽሐፍ መቼም እጅ አውጥቶ ድምፅ አይሰጥ፤ ተሸነፈ። በ1926 (እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) እንደራሴዎቹ ገቡበት። በ1945ቱ የማኒላ ውጊያ ፈራረሰ፣ እንደገና ተሠራ። በ1972 ፕሬዚዳንቱ ማርኮስ ወታደራዊ ሕግ ሲያውጅ ምክር ቤቱ ተዘጋ። ኋላ ሴኔቱ ተመልሶ እስከ 1997 ቆየበት። አሁን ተራው የሥዕል ነው። ያ ሁሉ ክርክር የጮኸበት አዳራሽ ዛሬ ጮክ ብለው ቢያወሩበት በዓይን ያስገለምጣል።

እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው የፊሊፒናዊው ሠዓሊ የሁዋን ሉና «ስፖሊያሪየም» ያለው። በ1884 ማድሪድ ላይ የወርቅ ሜዳሊያ የወሰደ ሥዕል ነው። ቁመቱ ከ4 ሜትር፣ ወርዱ ከ7 ሜትር ተኩል ይበልጣል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚሰቀል ዓይነት አይደለም፤ ኮንዶሚኒየሙ ነው እሱ ላይ የሚሰቀለው። የሮማ ግላዲያተሮች ሞተው መሬት ለመሬት ይጎተታሉ። በቀኝ በኩል አንዲት ሴት ወለሉ ላይ ተደፍታለች። ልብሷ ከትከሻዋ ወርዷል፣ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታለች።

ተመልካቹም ለእሷ ጀርባውን ይሰጣል። ሬሳ እየተጎተተ፣ ሴት እያለቀሰች፣ ከፊት ለፊታቸው ሁለት ጣት ቀስሮ ፈገግታ! አብሮኝ የነበረው ወዳጄማ ስልኩን አቀበለኝና «ሙሉውን አስገባ!» አለኝ። እኔ ሞኙ ሥዕሉን መስሎኝ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄድኩ።

«የት ትሄዳለህ? ጫማዬን ነው እኮ!»

«ሥዕሉስ?»

«እሱ ከኋላ ይግባ፣ ምን ቸገረኝ።»

ፊሊፒናዊው ጸሐፊ ሆሴ ሪዛል ለሉናና ለሌላው ፊሊፒናዊ ሠዓሊ ለሂዳልጎ ክብር ማድሪድ ላይ በተደረገ ግብዣ ጽዋውን አንስቶ ስለ ሕዝቡ ክብር ተናገረ። በ1896 ስፔኖች እዚችው ማኒላ ውስጥ ረሸኑት። ይህን ለወዳጄ ልነግረው ጀምሬ ነበር። «ቆይ፣ አንዴ ፊልተር ልምረጥ» አለኝ።

ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን ትይዩ የተሰቀለው የሂዳልጎ ሥዕል ነው። እሱም ግዙፍ ነው። በ1719 ቡስታማንቴ የሚባል የስፔን አገረ ገዢ ሲገደል ያሳያል፤ መነኮሳቱ ደረጃ ላይ እየጎተቱ ሲያወርዱት። ሂዳልጎ በ1884ቱ ውድድርም በሌላ ሥዕሉ ያገኘው ብር ነበር፣ ወርቁ የሉና ነው። እንዲያው በሂሳብ ብንሄድ ለሉና ጀርባ የሰጠ ሁሉ ፊቱ ወደ ሂዳልጎ ነው፤ ስለዚህ ቡስታማንቴ ከማንም በላይ መታየት ነበረበት። ምን ዋጋ አለው፣ በመሐል ስልክ አለ።

ወዳጄ ፎቶውን ማታውኑ ለጠፈው። ላይኩ ጎረፈ። ከአስተያየቶቹ መካከል አንዷ ብቻ «ወንድሜ፣ ከኋላህ የወደቁት ሰዎች ምን ሆነው ነው?» ብላ ጠየቀች። እስካሁን አልመለሰላትም። ጫማው ስንት እንደገባ ለጠየቁት ግን በውስጥ መስመር እያስረዳ ነው።