መድገም ሁሉ ከንቱ አይደለም

ወንድሜ፣ «በየቀኑ ያንኑ መዝሙር እያነበቡ መጸለይ በማቴዎስ 6፥7 ተከልክሏል» ያልከው ልክ አይደለም። ጥቅሱ «በከንቱ አትድገሙ» ነው የሚለው፤ አንተ «በከንቱ» የምትለዋን ቃል ዘለልካት። ምክንያቱም እዚያው አለ፦ አሕዛብ በንግግራቸው ብዛት የሚሰሙ ይመስላቸው ነበር። ሁለት ቁጥር ወረድ ብትል ጌታ ራሱ «አባታችን ሆይ»ን ሲያስተምር ታገኛለህ። በጌቴሴማኒም ያንኑ ቃል እየደገመ ሦስተኛ ጊዜ እንደ ጸለየ ማቴዎስ 26፥44 ይናገራል። መዝሙር 136ንማ ክፈተው (በግእዙ አቆጣጠር 135 ነው)፤ በ26 ቁጥር 26 ጊዜ «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ይላል! በመስቀል ላይ የጮኸው «አምላኬ፣ አምላኬ» እንኳ የመዝሙር 22 መክፈቻ ነው። ልብ ሌላ ቦታ ሆኖ ከንፈር ብቻ እንዳይንቀሳቀስ መስጋትህ ይገባኛል፤ እሱ ግን ያለ መጽሐፍ የሚጸልየውም ላይ ይደርሳል።