የጾሙን ያህል ስለ ገብሱም እንጠንቀቅ

የውጭ ሰዎች ስለ አገራችን ምግብ ሲጽፉ የማትቀር አንዲት ወሬ አለች። ኢትዮጵያ ሥጋና ወተት ለማይበላ ሰው ገነት ናት ይላሉ። ስንዴ ለማይስማማውም እንደዚያው፤ እንጀራ ከጤፍ ነው፣ ጤፍ ደግሞ ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን የለውም። እኛም ይህን እየሰማን ደረታችንን እንነፋለን። የራሳችሁን ጤፍ አስፈጭታችሁ ቤታችሁ የምትጋግሩ ከሆነ እውነት ነው። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ ስትጓዙ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ይህን የምለው ከእህቴ ልጅ ጋር በዚያ መንገድ ስለምመላለስ ነው። ልጅቷ ቪጋን ናት። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ማርም ሳይቀር አትነካም። በዚያ ላይ ሴሊያክ አለባት። ሴሊያክ የፋሽን አመጋገብ አይደለም። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን ሆድ ሲገባ፣ የሰውነት መከላከያ በገዛ አንጀቱ ላይ ይዘምታል። ምግብ የሚመጥጠው የትንሹ አንጀት ግድግዳ ይጎዳል። ጥፋተኛው ስንዴ መሆኑን በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያሳየው ቪለም ዲከ የተባለ የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው። ከዚያ ወዲህም ዋናው ሕክምና አልተለወጠም፤ ዕድሜ ልክ ከግሉተን መራቅ ነው። መጠኑም የዋዛ አይደለም። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ «ከግሉተን ነፃ» ለመባል በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ግሉተን መኖር የለበትም። ሊጥ ውስጥ አንድ እፍኝ የገብስ ዱቄት ጣል ከተደረገማ አለቀ።

ከሁለቱ ቀላሉ ቪጋንነቱ ነው። እሱንም ቢሆን የሚያቀልለው የምግብ ዝርዝሩ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያው ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴው 55 ቀን፣ በነቢያት፣ በፍልሰታ ከሰንዳፋ እስከ ሸዋ ሮቢት የትም ብትቆሙ በያይነቱ ታገኛላችሁ። ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ሽሮ፣ ቀይ ሥር፣ ሲያምራችሁ ሱፍ ፍትፍት። ስለዚህ ረቡዕ ሄዶ ዓርብ መመለስ የመሰለ ዕቅድ የለም። አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ። የጾም ወጥ የሚደርሰው ወደ እኩለ ቀን ገደማ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደብረ ብርሃን የደረሰ ሰው ሻይና ዳቦ ይቀርብለታል፤ ዳቦው ደግሞ ለልጅቷ አይሆንም።

ጉዱ የሚፈላው በፍስክ ቀን ነው። መንገዱ ራሱ የፍስክ መንገድ ነው። ሰንዳፋ ወተት፣ ሸኖ ለጋ ቅቤ፣ ደብረ ብርሃን በግ። ሽሮ ብታዝዙ ቅቤው ከላይ ተንሳፎ ይመጣል። «ያለ ቅቤ» ስትሉ አስተናጋጁ የከሰራችሁ ይመስለዋል። ከሁሉ የሚከፋው ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው 50 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ሁለት ወር ሊሞላ ምንም ያህል የማይቀረው ጾም ገና መፈታቱ ነውና የጾም ምግብ ስሙን መስማት የሚፈልግ የለም። ገነት ነው የሚሉት ጸሐፊዎች በዚህ ወቅት አልመጡም መሰለኝ።

እንግዲህ ወደ ግሉተኑ። እዚህ ላይ የሚወስነው የመሬቱ ከፍታ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ይህ የገብስ አገር ነው። ከጣርማበር ወደ መንዝ ብትገነጠሉማ እንጀራው ራሱ የገብስ ነው፤ ማንም አይደብቃችሁም፣ እንዲያውም ይኮሩበታል። ጥሩም እንጀራ ነው። ችግሩ ጤፍ ነው ተብሎ የሚቀርበው ላይ ነው። የጤፍ ዋጋ ከተሰቀለ ወዲህ ሊጥ ውስጥ ሩዝም፣ ማሽላም፣ በቆሎም፣ ገብስም፣ ስንዴም ይገባል። ሩዝ፣ ማሽላና በቆሎ ለሴሊያክ ችግር የለባቸውም። ገብስና ስንዴው ነው ጠንቁ። የሚገርመው ደግሞ ምንጃርም ሰሜን ሸዋ ነው። አዲስ አበቤው ስሙን ጠርቶ የሚገዛው የምንጃር ጤፍ ከዚሁ ዞን ይወጣል፤ የሚሄደው ግን ወደ ከተማ ነው።

ጣሊያን የቆፈረውን የጣርማበር ዋሻ አልፋችሁ ደብረ ሲናን ስትወርዱ አየሩም ማሳውም ይለወጣል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነች። ማሽላ፣ ማሾ፣ ሽንኩርት፣ ማንጎ፣ ፓፓያ። የማሽላ እንጀራ ከተገኘ ለእሷ ሰርግ ነው። ቆላው ላይ የሙስሊም ምግብ ቤትም ይበዛል፤ እዚያ የጾሙ አቆጣጠር አይሠራም፣ ስለዚህ ምን እንዳለ በየቤቱ መጠየቅ ነው።

መጠየቁም ራሱ ዘዴ ይፈልጋል። «ንጹህ ጤፍ ነው?» ካላችሁ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ፣ ማኛ ነው» ይሆናል። አስተናጋጇ ውሸታም ሆና አይደለም። እሷ የሰማችው ቤቱን መጠርጠራችሁን ነው፤ የቤቱን ስም ትከላከላለች። ብዙ ጊዜም እንጀራውን የሚያመጣው ሌላ አቅራቢ ስለሆነ ውስጡ ያለውን አታውቅም። ስለ ግሉተን ብታስረዱም ውጤቱ ያው ነው። ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፣ ትሄዳለች፣ ያንኑ እንጀራ ይዛ ትመጣለች።

የእኔ ሐሳብ ከዚህ ይነሳል። የመንገድ ዳር ወጥ ቤቶቻችን «ንክኪ» የሚባለውን ነገር ከማንም ኢንስፔክተር በላይ ያውቁታል። ቅቤ የነካው ማማሰያ የጾም ድስት ውስጥ አይገባም። የፍስክ ጭልፋ ለብቻው ነው። ድስቱ ተለይቶ ይቀመጣል፣ መጥበሻው ተለይቶ ይታጠባል። ማንም በወረቀት አላስተማራቸውም፤ የሰው ጾም ማስገደፍ ኃጢአት ነው ብለው ስለሚያምኑ ያደርጉታል። ቪጋኗ ልጅ የምትተማመነው በዚህ ጥንቃቄ ነው። ታዲያ ይኸው ጥንቃቄ ወደ ገብስና ስንዴ ለምን አይሻገርም?

እኔ አሁን አስተናጋጅ አልጠይቅም። ፈቃድ ጠይቄ ወጥ ቤት እገባለሁ። «እትዬ፣ ለዚህች ልጅ ገብስና ስንዴ እንደ ፍስክ ናቸው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ትጾማቸዋለች፤ ከገደፈች ትታመማለች» እላለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት እናት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «ውይ የኔ ልጅ! እንግዲያው እንጀራውን እንዳትነካው፣ ገብስ ጣል አድርጌበታለሁ። ድንች ልቀቅልላት» አሉኝ። ከዚያው ቤት አስተናጋጅ ከደቂቃዎች በፊት «ማኛ ነው» ተብዬ ነበር።

ስንቅ መያዝም አይቀርም። መኪና ይበላሻል፣ መንገድ ይዘጋል። እዚህ ግን አባቶቻችን አይረዱንም። የነጋዴውም የዘማቹም ስንቅ በሶ ነበር፤ በሶ ቪጋን ነው፣ ግን ከላይ እስከ ታች ገብስ ነው። ጭኮ ገብስም ቅቤም ስለሆነ በሁለቱም ይወድቃል። ዳቦ ቆሎ ስንዴ ነው። መንገድ ዳር የሚሸጠው ቆሎም አብዛኛው ገብስ ነው፤ ሽምብራውንና ኦቾሎኒውን መርጣችሁ ብትበሉም አብሮ የተቆላ ነው። ንፍሮው ውስጥ ስንዴ አለ። ቢራና ጠላውን ተዉት።

የሚያዋጣው ድርቆሽ ነው። ቤት በተጋገረ የጤፍ እንጀራ የተሠራ ድርቆሽ በፌስታል ይያዛል፣ አይሻግትም፣ ቦታ አይፈጅም። በትንሽ ዕቃ ዘይትና በርበሬ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ከገበያ፣ ሙቅ ውኃ ከማንኛውም ሻይ ቤት። በአምስት ደቂቃ ፍርፍር ይሆናል። ብቻዋን የተቆላች ሽምብራ፣ ከሸዋ ሮቢት ማንጎ፣ አበቃ። ሽሮም ከቤት ቢያዝ እመርጣለሁ፤ ወፍጮ ቤቱ ከሽሮው በፊት ምን እንደፈጨ ማን ያውቃል።

ይህን ሳወራ አንዳንድ የምግብ ቤት ባለቤቶች «ለአንድ ሰው ብዬ ጤፍ ልግዛ እንዴ?» ይሉኛል። ትክክል ናቸው፤ አይገዙም። በዚህ ዋጋ ንጹህ ጤፍ እየጋገሩ መንገደኛ ማብላት እንደማያዋጣ ማንም ይገባዋል። መደባለቁም ወንጀል አይደለም፤ ብዙ ቤት እንደዚያ ነው የሚበላው። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ድብልቅ ከሆነ ድብልቅ ነው ይባል፤ ከምን ጋር እንደሆነም ይነገር። እንጀራ አቅራቢውን አንዴ ጠይቆ በእስክሪብቶ ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ምንም ወጪ የለውም። ሁለተኛ፣ በፍስክ ቀንም፣ በ50ውም ቀን ቢሆን፣ በዘይት የተሠራ አንድ ምስር ወጥ ድስት ላይ ይኑር። ምስር ከሥጋ ይረክሳል፣ ተመላሽም አይሆንም፤ ሥጋ የተወደደበት መንገደኛ ሁሉ ያዝዘዋል።

እንጀራው ድብልቅ ነው ካሉን አንቀየምም። ምስሩን በቅቅል ድንች እንበላለን፣ ሂሳቡንም እንከፍላለን።