ቅጠሉ ተመዝግቦ መጠኑ ሲቀር

ስለ ባህላዊ መድኃኒት በባሕር ዳር ውይይት በተደረገ ቁጥር የሚነሣው ስጋት «ዕውቀቱ ሊጠፋ ነው» የሚል ሲሆን፣ አብሮት የሚቀርበው መፍትሔም «ሳይጠፋ እንመዝግበው» የሚል ነው። በስጋቱ እስማማለሁ። ምዝገባው ግን እስካሁን በሄደበት መንገድ ከቀጠለ፣ በእጃችን የሚቀረው የዕፀዋት ስም ዝርዝር እንጂ መድኃኒት አይሆንም።

በጣና ዙሪያ ያለው የገጠር ሕዝብ የመድኃኒት ዕውቀት ሁለት ወገን አለው። አንዱ የሁሉም ነው። ምች የመታውን ሰው በዳማከሴ ማሸትና ጭማቂውን በቡና ማጠጣት፣ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም፣ ለጉንፋን ፌጦና ነጭ ሽንኩርት መስጠት በየጓዳው የሚታወቅ ነገር ስለሆነ ማንም አይደብቀውም። ሁለተኛው ግን የአዋቂው ነው። ሥሩ በየትኛው ወር እንደሚቆፈር፣ ከምን ጋር እንደሚቀላቀል፣ ለነፍሰ ጡር ለምን እንደማይሰጥ፣ የጠጣው ሰው ማስመለሱ ወይም ማስቀመጡ አልቆም ሲለው ማርከሻው ምን እንደሆነ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው፤ ይህንንም የሚያወርሰው ከልጆቹ መካከል ምሥጢር ይጠብቃል ብሎ ላመነበት ለአንዱ ነው። እንጀራውም ክብሩም ያለው እዚያ ላይ ስለሆነ አይፈረድበትም።

እንግዲህ መጠይቅ የያዘ ተመራማሪ ወደዚህ ሰው ደጅ ሲመጣ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም። አዋቂው እንግዳውን አክብሮ የተክሉን ስም ይነግረዋል፣ ቅጠሉንም ያሳየዋል፤ ልኩንና ቅይጡን ግን ለራሱ ያስቀራል። በየመደርደሪያው የተቀመጡት ጥናቶች «ሥሩ ተወቅጦ ይጠጣል» ከሚለው እምብዛም የማያልፉት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ስንት ጭብጥ? በስንት ሲኒ ውኃ? ለስንት ቀን? መድኃኒትን ከመርዝ የሚለየው ይኸው ሆኖ ሳለ የሚጎድለውም ይኸው ነው።

ኮሶን እንውሰድ። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ትልን ለማውጣት የሴቴዋ ዛፍ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦና ተዘፍዝፎ በባዶ ሆድ ይጠጣ ነበር። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለዚህ ዛፍ ለአውሮፓውያን ጽፏል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም አበባው በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። ይሁንና ኮሶ ልኩን ካለፈ ክፉኛ ያስመልሳል፣ ዓይንንም ሊጎዳ ይችላል። አባቶች በልክ ይሰጡት የነበረውን፣ ልኩን የማያውቅ ሰው ስሙን ብቻ ከዝርዝር ላይ አንብቦ ቢጠጣው ተጠያቂው ማን ነው?

የባለቤትነቱ ጉዳይም ከዚህ አይለይም። ቢልሃርዝያ ለጣና ዳርቻ ነዋሪ እንግዳ በሽታ ስላልሆነ፣ የእንዶድ ታሪክ ለእኛ ቅርብ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያ ተነሥተው በሠሩት ምርምር ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። በኋላ ግን በአሜሪካ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የውኃ ቧንቧ በሚደፍን ዛጎል ለበስ እንስሳ ላይ ለማዋል የፓተንት መብት ጠየቀበት። እንዶዱን በየወንዙ ሲወቅጡ የኖሩት ሴቶች ስም በየትኛውም ሰነድ ላይ የለም። የየገጠሩ መድኃኒት አዋቂ ይህን ታሪክ አይስማው እንጂ ትምህርቱን ያወቀው ይመስላል።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የጄኔቲክ ሀብትና የኅብረተሰብ ዕውቀት አርክቦትን (ማለትም አግኝቶ መጠቀምን) የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ዕውቀቱ ሲወሰድ አስቀድሞ የኅብረተሰቡ ፈቃድ እንዲጠየቅ፣ ከሚገኘውም ጥቅም እንዲካፈል ይደነግጋል። ችግሩ አዋጁ በጣና ዳር ዘጌ ወይም ደራ ላለው መድኃኒት አዋቂ የሚደርስበት በር አለመኖሩ ነው። የሚመዘገበው ቃል ባለቤቱ በሚናገረው ቋንቋ ተጽፎ፣ አንድ ቅጂ በእጁ ቀርቶ፣ ልኩና ቅይጡ ያለ እርሱ ፈቃድ እንዳይገለጥ ታሽጎ ቢቀመጥ፣ ዛሬ የሚደበቀው ሁሉ ነገ ሊነገር ይችላል።

ዕፁ ራሱ ካልተረፈ ግን ምዝገባው ባዶ ነው። በዘጌ መሬት አለማረስና ከብት አለማርባት ከገዳማቱ የመጣ ሥርዓት በመሆኑ ደኑ ከነቡናው ቆይቷል፤ ከዚያ ውጭ ባለው የሐይቁ ዙሪያ ግን ቁጥቋጦው ለጫትና ለባሕር ዛፍ ቦታ እየለቀቀ ነው። ቀበሪቾን የመሰለው ደግሞ የሚፈለገው ሥሩ በመሆኑ አንዴ ከተነቀለ ተመልሶ አያቆጠቁጥም፤ ከኢትዮጵያ በቀር ሌላ አገር የማይበቅለው ይህ ተክል በየገበያው ለጭስ በእስር በእስር ሲሸጥ አይቶ፣ የሚተክለው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዕውቀቱ በስሙ የተመዘገበለት ሰው በጓሮው ለመትከል ምክንያት ይኖረዋል።

ጤና ጣቢያዎቻችንም ድርሻ አላቸው። በሽተኛው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ትናንት የጠጣውን የማይናገረው ቁጣ ስለሚፈራ ነው። «ምን ጠጣህ?» የሚለው ጥያቄ ያለ ግልምጫ ቢቀርብና መልሱ በካርዱ ላይ ቢጻፍ፣ የትኛው ዕፅ ጉበት እንደሚጎዳ፣ የትኛውስ ከኪኒን ጋር እንደሚጣላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከራሳችን በሽተኞች እንማር ነበር።

ይህ ሁሉ ለአጭበርባሪ ፈቃድ መስጠት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ተቃራኒውን አያለሁ። በድምፅ ማጉያ «ከስኳር እስከ ካንሰር እፈውሳለሁ» የሚለውን ነጋዴ ከእውነተኛው አዋቂ ለመለየት፣ ልኩን፣ ማርከሻውንና ለማን እንደማይሰጥ አስመዝግብ ከማለት የቀለለ ፈተና የለም። የክልሉ ጤና ቢሮና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ይህን መዝገብ ለመክፈት አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም።