ጥቁር በጥቁር

ባሕር ዳር ውስጥ ግቢውን አስፋልት ያስነጠፈ ሰው ሊመሰገን ይገባል። በተለይ ግቢው ዋልካ መሬት ላይ ሆኖ፣ ዋልካውን በአካፋ ጫፍ እንኳ ሳያስነካ፣ ጥቁሩን በጥቁሩ ላይ ዘርግቶ ያስመረቀ ሰው። እንግዳ ማረፊያ ያለው፣ መጋዘን የሠራ፣ ክሊኒክ የከፈተ፣ ሐይቁ ዳር የሠርግ አዳራሽ ያቆመ፣ ሁሉም በየፊናው ተክኖበታል። እኛ ግን አመስግነን አናውቅም። ባጃጇ በየጉድጓዱ ስታነጥረን ማማረር ብቻ ነው ሥራችን።

እስቲ ዛሬ እንኳ እናመስግን።

ከሁሉ በፊት የሚደነቀው ወቅት አመራረጡ ነው። ጀግናችን የሚያስነጥፈው ሚያዝያ ላይ ነው። «ክረምቱ ሳይገባ ልገላገል» ይላል። ሚያዝያ ላይ ዋልካ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቃል። ደርቆ ክው ብሏል። ዶማ ይመልሳል። ጀግናችን በጫማው ተረከዝ መታ መታ ያደርገውና «ይሄ እኮ አለት ነው፤ ምኑ ይቆፈራል?» ይላል። እዚያው እግሩ ሥር ያለውን ስንጥቅ ልብ አይለውም። ክንድ እስከ ክርን የሚውጥ ስንጥቅ ነው። ብይ የገባበት የሰፈር ልጅ ብቻ ነው ጥልቀቱን የሚያውቀው።

የሳይንሱን ነገር ለሚወድ ሰው ትንሽ ልበል። ዋልካ፣ መረሬም በሉት፣ መሐንዲሶቹ ብላክ ኮተን የሚሉት አፈር ነው። ሞንትሞሪሎናይት የሚባል የሸክላ ማዕድን በብዛት አለበት። ማዕድኑ በዓይን የማይታዩ ስስ ንብርብሮች አሉት። ውሃ በንብርብሮቹ መሃል ገብቶ ሲያራርቃቸው አፈሩ ያብጣል። ውሃው ሲወጣ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። አብዝቶ የሚያብጠው ደግሞ አብዝቶ የደረቀው ነው። ሚያዝያ ላይ ማንጠፍ እንግዲህ አፈሩ ጥሙ በጠናበት ሰዓት ከላዩ ገጥሞ «አይዞህ፣ ሰኔ ላይ ትጠጣለህ» ማለት ነው።

የሚጠጣው ደግሞ አያጣም። ባሕር ዳር ላይ በዓመት በአማካይ 1400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይማ ያወርደዋል። ጣናም ክረምቱን ሲሞላ ከርሞ መስከረምና ጥቅምት ላይ ከፍ ይላል። ሐይቁ ዳር ያለ ግቢ ከላይም ከታችም ይጠጣል። ፎገራ ሜዳ ላይ ገበሬው ይህን ጠባዩን አውቆ ሩዝ ያመርትበታል፤ ጥቁሩ አፈር ውሃውን ቶሎ ወደ ታች አያሳልፍበትማ። ጀግናችንም አድልዎ አይወድም። ለሩዝ የሆነ አፈር ለአስፋልት ምን ይጎድለዋል?

ባለሙያ አያያዙም ይመሰገናል። አንድ ወጣት መሐንዲስ ያስጠራል። ልጁ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ ያያል። ከዚያ ይፈራ ይቸር እያለ ይጀምራል።

«ጋሼ፣ መሬቱ ዋልካ ነው። መጀመሪያ አፈሩን ላብራቶሪ እንውሰደው።»

«ምን አሞት?»

«አይ፣ ምን ያህል እንደሚያብጥ ለማወቅ ነው።»

«እኔ ልንገርህ፣ ልጄ። አያብጥም። እዚህ ግቢ ስንት ዓመት ኖርኩ፤ አንድም ቀን አብጦ አላየሁትም።»

ምርመራው ተአምር የለውም። ደርቆ የተነፋ አፈር 10 ሚሊ ሊትር ይለካል። ውሃ ባለበት መለኪያ ብርጭቆ ውስጥ ይጨመራል። ለ24 ሰዓት ይተዋል። በማግስቱ አፈሩ የት እንደደረሰ ይነበባል። ጭማሪው ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ብዙም አያሳስብም። 20 ላይ ከተገኘ፣ ማለትም እጥፍ ከሆነ፣ ለልጁ ጆሮ መስጠት ይሻል ነበር። ጀግናችን ግን የሚያባክነው አንድ ቀን የለውም። የምረቃው መጥሪያ ታትሟል።

ልጁ ተስፋ አይቆርጥም።

«እሺ፣ አንድ ሜትር ያህል ቆርጠን እናውጣና ገረጋንቲ እንመልስበት። በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ውሃ እያርከፈከፍን በሮለር እንጠቅጥቀው።»

«እኔ ያዘዝኩህ አስፋልት ነው ወይስ ጉድጓድ?»

«ካልሆነም ከ4 እስከ 8 በመቶ ኖራ እንቀላቅልበት። ኖራ የዋልካን ጠባይ ይለውጠዋል።»

«ኖራ ለግድግዳ ነው።»

«ጋሼ፣ አስፋልት ብርድ ልብስ ነው፤ አልጋ አይደለም። ሥሩ ያለው ከተገላበጠ አብሮ ነው የሚገላበጠው።»

«ይገላበጥ! ማን ያዘው?»

ልጁን ሸኝቶ ሌላ ያስጠራል። ሁለተኛው ጥያቄ የለውም። «መቼ ልጀምር?» ብቻ ነው የሚለው። ሥራ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው።

«ገንዘቤን መሬት ውስጥ አልቀብርም» ይላል ጀግናችን፤ እውነቱን ነው። ተቆፍሮ የተሞላ፣ ተሞልቶ የተጠቀጠቀ ነገር ማን ያየዋል? ለእንግዳ «ይኸውልህ፣ እዚህ ሥር አንድ ሜትር ገረጋንቲ አለ» አይባልም። ፎቶ አያስነሳም። አስፋልት ግን ያብለጨልጫል። ሽታው ብቻ ጎረቤት ያስቀናል። ስለዚህ አንድ ገልባጭ ጠጠር ይበተናል፤ ሮለሩ ደርሶ መልስ ይላል፤ 5 ሳንቲ ሜትር ተብሎ 3 ይነጠፋል። ድብልቁ ከሩቅ ስለሚመጣ መንገድ ላይ በርዷል። ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ገደማ በታች ከወረደ ሮለር ቢመላለስበትም እንደልብ አይጠቀጠቅም። ታዲያ አፈሩን «ምን አሞት?» ያለ ሰው የአስፋልት ትኩሳት ይለካል እንዴ?

በምረቃው ቀን ቄጠማ ይጎዘጎዛል። በግ ይወድቃል። አንድ የተከበሩ ሰው ተነስተው «ለከተማችን ውበት የተደረገ አስተዋጽኦ» ይላሉ። ይጨበጨባል። ኮንትራክተሩም ቆሞ የአንድ ዓመት ዋስትና በአደባባይ ይሰጣል። ስልኩ ከሐምሌ ጀምሮ ከአገልግሎት ክልል ውጭ ነው።

የውሃ ነገር ደግሞ አለ። ጀግናችን ሰው ወዳድ ነው፤ ውሃም ቢሆን ከግቢው ወጥቶ እንዲሄድ አይፈልግም። ቦይ የለም፤ ቦታ ይይዛል። ተዳፋት የለም፤ 2 በመቶ ብቻ ቢሆንም ግቢውን ያንጋድደዋል ተብሏል። የአሸንዳው ቱቦ አፉን የደፋው ልክ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ነው። ሮቶው ሞልቶ የሚተርፈውም እዚያው ይወርዳል። ጠርዙን ተከትሎ አበባ ተተክሏል፤ ዘበኛው ጠዋትና ማታ በጎማ ያጠጣዋል። በወዲያኛው ጠርዝ ደግሞ ባሕር ዛፍ ተደርድሯል፤ እሱ የአፈሩን እርጥበት ሲመጥ ይውላል። በዚህ በኩል ያብጣል፣ በዚያ በኩል ይኮማተራል። ሚዛናዊ ሰው ነው።

ሐምሌ ላይ ታዲያ የጥበቡ ፍሬ ይታያል። አስፋልቱ እዚህ ከፍ፣ እዚያ ዝቅ ይላል። አዲሱን የዓባይ ድልድይ፣ 380 ሜትሩን፣ ተሳፋሪው ሻይ ሳይደፋበት ያለፈ መኪና ጀግናችን ግቢ ሲገባ የሾፌሩ አናት ጣሪያ ይመታል።

በጋው ሲገባ ደግሞ ሌላ ነገር ብቅ ይላል። ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከበሩ እስከ ጓሮ የሚሄድ ረዥም ስንጥቅ። መሃሉ ተሸፍኖ እርጥበቱን ስለሚይዝ ብዙም አይነቃነቅም። ጠርዙ ግን በክረምት ይጠጣል፣ በበጋ ይደርቃል። ሲወጣና ሲወርድ ከመሃሉ ይገነጠላል። መጀመሪያ የተጠራው ልጅ «ከአስፋልቱ ወጣ ያለ ውሃ የማያሳልፍ ትከሻ እንሥራ፤ አበባውንም ራቅ እናድርገው» ሊል ነበር፤ ሳይደርስበት ተሸኘ። ጀግናችን ስንጥቁን አይቶ «ፀሐይ ነው» አለ። ለፀሐይ ምን ይደረጋል?

ጥገናው ላይ ስንደርስ ከመቀመጫችን ብድግ እንበል።

ሌላ ሰው ቢሆን ዝናብ ሳይመጣ፣ ስንጥቁ ገና ቀጭን ሳለ፣ አቧራውን ጠርጎ በትኩስ ሬንጅ ይደፍነው ነበር። ሁለት ሠራተኛና አንድ ማፍያ በርሜል ይበቃል። ግን በፀሐይ ስለ ዝናብ የሚያስብ ሟርተኛ ነው። ጀግናችን የሚጠግነው ነሐሴ ላይ ነው፤ ጉድጓዱ ውሃ ሲያቁር። ያን ጊዜ የት የት እንደሆነ በደንብ ይታያላ! ዘበኛው አካፋ ያነሳል። ውሃውን ሳይቀዳ ገረጋንቲ ይጨምርበታል። ውሃው ለገረጋንቲው ቦታ ለቆ በጎን ወደ አስፋልቱ ሥር ይገባል። በላዩ ሬንጅ የነካካው ጠጠር ይደፋል። በአካፋው ጀርባ ጠፍ፣ ጠፍ። ቀሪውን የእንግዶች ጎማ ይጨርሰዋል። ቅዳሜ የተሠራው እስከ ማክሰኞ ያምራል።

ጉድጓዱን በአራት ማዕዘን ቆርጦ፣ የላሸቀውን እስከ ጠንካራው ድረስ አውጥቶ፣ አድርቆ፣ ጠርዙን ሬንጅ ቀብቶ፣ በየንብርብሩ እየጠቀጠቁ መሙላት የሚባል አሠራር አለ። ዘበኛው አልሰማም። ደመወዙም እንዲሰማ አያስገድደውም።

(ለነገሩ ኮብልስቶንም ነበር። ከተማችን ጠራቢም አንጣፊም አታጣም። እሱም ቢሆን መሠረት ይፈልጋል፤ ግን ሥሩ ያለው አፈር ሲያስቸግር ድንጋዩን ነቅሎ፣ አስተካክሎ፣ ያንኑ ድንጋይ መልሶ መደርደር ይቻላል። ችግሩ ኮብልስቶን በየቀበሌው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ሁሉ አለ። ሁሉ የሚረግጠውን ነገር ግቢ ማስገባት ደግሞ ክብር አይሆንም።)

ሚያዝያ ሲመለስ ጀግናችን ቆራጥ እርምጃ ይወስዳል። በአሮጌው ላይ አዲስ አስፋልት! ግቢው እንደገና ያብለጨልጫል። የታችኛው ስንጥቅ ግን የትም አልሄደም። በቀጣዩ በጋ መስመሩን ሳይስት አዲሱንም ሰንጥቆ ይወጣል። ታዲያስ? ሌላ ይደገማላ። ጎረቤቱም ይህን አይቶ «እሱ በየዓመቱ ያስነጥፋል፤ እኛ ምን ሆነን ነው?» ብሎ ሮለሩን በአጥሩ በኩል ይቀበላል።

አንድ የማውቀው እንግዳ ማረፊያ በረንዳው ሦስት ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ አንዱ ጠፋ። ቀጥሎ ሁለተኛው። ዘንድሮ አስፋልቱና በረንዳው እኩል ለእኩል ሆኑ። ክረምት ላይ ጎርፉ በዋናው በር ገብቶ፣ እንግዳ መቀበያውን አልፎ፣ ምግብ አዳራሹ ደረሰ። በሩም አስፋልቱን እየታከከ አልከፈት ሲል አናጢ ተጠርቶ ከታች አራት ጣት ቆረጠለት። አሁን በዚያ በኩል አይጥ ይመላለሳል።

ባለቤቱን በቀደም አገኘሁትና «አስፋልቱ ከፍ አላለም እንዴ?» አልኩት።

ተቆጣ። «አስፋልቱ ምን አደረገህ? ቤቱ ነው የሰመጠው!»

ቤት ከፍ የሚያደርግለት ባለሙያ እያፈላለገ ነው። የምታውቁት ካለ ላኩለት። አፈር እንመርምር የሚል እንዳይሆን ብቻ።