ማስተካከያ፦ 1.4 ሁሌም 1.4 አይደለም

ሰሞኑን የጎንደር የፊዚክስ ተማሪዎች የሚቀባበሉት አንድ ማስታወሻ አለ። ከድምፅ በፈጠነ አየር ውስጥ ያለን ስል ጠርዝ ክንፍ ሲያሰላ፣ የአየር የሙቀት አቅም ምጣኔ (በቋሚ ግፊት ያለው የሙቀት አቅም በቋሚ ይዘት ላለው ሲካፈል) በየትኛውም ሙቀት 1.4 ነው ይላል። እዚህ ላይ እርማት ያስፈልጋል።

ቁጥሩ የሚሠራው አየሩ ብዙ እስካልጋለ ድረስ ነው። ሙቀት ስንል ደግሞ የመተማን ሐሩር አይደለም፤ እሱማ ለዚህ ስሌት ምንም ማለት ነው። ወሳኙ አየሩ ክንፉ ላይ ሲቆም የሚደርስበት ሙቀት ነው። ውጭው ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን፣ በማክ 2፣ ማለትም በድምፅ ፍጥነት ሁለት እጥፍ፣ በ1.4 የሚያሰላው ቀመር ወደ 117 ዲግሪ ያደርሰዋል። እዚህ ድረስ 1.4 ችግር የለውም። በማክ 5 ግን ያው ቀመር ከ1,000 ዲግሪ በላይ ያወጣል። ያኔ የኦክስጅንና የናይትሮጅን ሞለኪውሎች በኃይል ይርገበገባሉ፣ ጉልበቱን ይሻማሉ፣ ምጣኔውም ወደ 1.3 ይጠጋል።

እንዲህ በጋለ አየር ውስጥ፣ ማኩና የክንፉ ማዕዘን ሳይለወጡ፣ ከፊት ጠርዙ የሚነሣው ሾክ ዌቭ (የአየሩ ግፊትና ሙቀት በድንገት የሚዘልበት ስስ ንጣፍ) በ1.4 የተሠራው ሠንጠረዥ ከሚለው ይልቅ ወደ ክንፉ ይጠጋል። ከጀርባው ያለው አየርም ከተሰላው ያነሰ ሙቀት ይኖረዋል። የግፊቱ ልዩነት ትንሽ ነው። ጉድ የሚፈላው ሙቀቱ ላይ ነው። ክንፉ በጣም ስስ ከሆነማ የሾኩም ለውጥ ያን ያህል አይደለም።

ከማክ 3 በታች ያሉት መልመጃዎች እንዳሉ ይቆዩ። የማክ 5ቱን ግን ምጣኔውን በየሙቀቱ እያያችሁ እንደገና ሥሩት።